ከጣራችን የወረደው ሣር የት ገባ? ከሣር ቤት እስከ ወይጦ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሣር ቤት» የሚባል ሰፈር አለ። ረዳቱ «ሣር ቤት! ሣር ቤት!» እያለ ሲጠራ ሰምቶ ታክሲ ውስጥ የገባ እንግዳ፣ ሲወርድ የሣር ክዳን ፍለጋ ዓይኑን ቢያንከራትት አይፈረድበትም። የሚያገኘው ፎቅ፣ ኤምባሲ፣ ካፌና የመኪና ሰልፍ ነው። ቤቱ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ የጣራን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች አሁን ጣራ ላይ ሣርና የሜዳ አበባ ማብቀል የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል። ሕግ ወጥቶለታል፣ መሐንዲስ ተመድቦለታል፣ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል። እኛ ደግሞ በተመሳሳይ ዘመን ሣሩን ከጣራችን አውርደን ቆርቆሮ ስናለብስ «ተለወጥን» እንላለን። ታዲያ ማን ነው ወደ ፊት የሄደው? ጥያቄው ለፌዝ የሚመች ይመስላል። መልሱ ግን እስከ ደቡብ ኦሞ፣ እስከ ወይጦ ሜዳ ይወስደናል። ረጅም ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ፈረንጅ ጣራው ላይ የሚዘራው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። «አረንጓዴ ጣራ» ሲባል ማሰሮ ውስጥ የተተከለ አበባ በረንዳ ላይ መደርደር አይደለም። ጣራው ራሱ መስክ ይሆናል። ከታች ጠንካራ ወለል አለ። በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይነጠፋል፤ ቀጥሎ ሥር ሰርስሮ እንዳይገባ የሚከላከል ሌላ ንጣፍ፣ ከዚያ ትርፉን ውሃ የሚያወርድ ንብርብር፣ ከዚያ አፈሩ እንዳይታጠብ የሚይዝ ጨርቅ፣ ከዚያ ቀለል ያለ አፈር ይመጣል። የአበባው ሣር ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተዘርቶ፣ ሥሩ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ሲያያዝ ይጠቀለልና ተጭኖ ይመጣል። ጣራው ላይ ይዘረጋል፤ ሥር እስኪሰድ ድረስ በርከት ላሉ ሳምንታት ይጠጣል። ከዚያ በኋላ አበባው ዘሩን ሲያራግፍ በዓመት አንዴ ይታጨዳል፤ አጨዳውም ከጣራው ላይ ይነሳል። አፈሩ ከወፈረ ሣሩ ያይልና የሜዳ አበባውን ያፍነዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኖርዌይ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ጣራቸውን በበርች ዛፍ ቅርፊት ደራርበው ከለበሱ በኋላ፣ በላዩ ከነሥሩ የተቆረጠ የሣር መሬት ይጭኑበት ነበር። ቅርፊቱ ውሃውን ይከላከላል፤ ሣሩ ቅርፊቱን ተጭኖ ይይዛል፤ ብርድንም ያስቀራል። አይስላንድም የዛፍ ድህነቷን ያሸነፈችው በዚሁ በሣርና በአፈር ቤት ነው። ኋላ የፋብሪካ ክዳን ሲመጣ የሣር ጣራ የድሃ ገበሬ ምልክት ሆነና ሰው እየተወው ሄደ። ታሪኩ ከእኛ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል ልብ በሉ።

ጣራው እንደገና ክብር ያገኘው በከተማ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመኖች በጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ ላይ እንዴት ቀለል አድርጎ ተክል ማብቀል እንደሚቻል አጠኑ፤ መመሪያም አወጡለት። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎን የመታት የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የማዘጋጃ ቤቷን ጣራ ከ20 ሺህ በላይ ተክል አለበሰችው። የስዊዘርላንዷ ባዝል ከ2002 ወዲህ አዲስ የሚሠራ ጠፍጣፋ ጣራ ሁሉ እንዲለመልም አስገደደች። የካናዳዋ ቶሮንቶ በ2009 ባወጣችው ደንብ የወለል ስፋታቸው 2,000 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ግዴታ አደረገችው።

የእነዚህ ከተሞች ችግር ምን ነበር? አስፋልትና ሲሚንቶ መሬቱን ስለደፈነው ዝናብ የሚሰርግበት አጥቶ ቱቦውን ያጥለቀልቃል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። የሣር ጣራ ዝናቡን ይዞ ያቆያል፣ በትነት ያቀዘቅዛል፣ ለንብና ለቢራቢሮ ቦታ ይሰጣል። እነሱ የራሳቸውን ጥያቄ መለሱ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኛስ ምን ነበረን?

አገራችን የጣራ ሙዚየም ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ሲጎበኝ፣ ከግንቦቹ ውጭ ያለው የሕዝቡ ቤት የጭቃ ግድግዳና ሾጣጣ የሣር ክዳን ያለው እንደነበረ ጽፏል። ቅርጹም ለኃይለኛ ዝናብ የተመቸ መሆኑን አስተውሏል። ሾጣጣው ጣራ ውሃውን ሳያስተኛ ያንሸራትተዋል። ኮንሶ ስትሄዱ በጎጆው ጫፍ ላይ የሸክላ ገንቦ ተደፍቶ ታያላችሁ። ጌጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሣሩ የሚገጥምበትን ጉልላት ከዝናብ ይሸፍናል። ዶርዜ በቀርከሃ ሸምኖ ረጅም ቤት ይሠራል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም።

የፈረንጁን አረንጓዴ ጣራ በጣም የሚቀርበው ግን ሰሜን ነው ያለው። የትግራይ ህድሞ ጠፍጣፋ ጣራ አለው። በወፍራም ግንድ ላይ እንጨት ይረበረባል፣ በላዩ ጭራሮና ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከዚያ አፈር ተጠቅጥቆ ይደለደላል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ላይ ሣር ይበቅላል። ማንም መሐንዲስ ሳያዝዘው፣ ማንም ዘር ሳይገዛለት ጣራው ይለመልማል። የሐረር ጀጎል ቤቶችም በጥንቱ ሥርዓታቸው ጠፍጣፋ የአፈር ጣራ ነበራቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ህድሞም እየቀነሰ ነው። ያን ሁሉ አፈር የሚሸከም ግንድ ከየት ይምጣ? ጣራው ሳይሆን ጫካው ነው መጀመሪያ ያለቀው።

ሌላም አለ፤ ማንም «ቴክኖሎጂ» ብሎ የማይጠራው። በየገጠሩ ዱባና ቅል ከጓሮ ተነስተው ጎጆው ላይ ይወጣሉ። ሰፋፊ ቅጠላቸው ጣራውን ያጠላል፣ አበባቸው ንብ ይጠራል፣ ፍሬያቸው እዚያው ክዳኑ ላይ ተኝቶ ይበስላል። ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ይሁን እንጂ ጣራ ላይ ሲወጡ ሥራቸው አንድ ነው። ይህን ፈረንጅ ቢያየው ስም አውጥቶለት ይሸጥልን ነበር።

የሣር ክዳን ሕግ ነበረው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ላንሳ። የሣር ክዳን እንዲኖር ሣር መኖር አለበት። ሣር እንዲኖር ደግሞ የሚጠብቀው ሥርዓት ያስፈልጋል።

ለዚህ ከሰሜን ሸዋው የመንዝ ጓሳ የተሻለ ምስክር የለም። «ጓሳ» የሣሩ ስም ነው። ለቤት ክዳን የሚመረጥ፣ ለገመድም የሚሆን ረጅም የደጋ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ይህን መስክ ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ጠብቆታል፤ አጀማመሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ቀሮ በሚባለው በዚህ ሥርዓት መስኩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይሳልም። ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ ተማክሮ ይከፍተዋል፤ ባለመብት ሁሉ ድርሻውን አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የጓሳ ሜዳ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሆኖ እስከ ዛሬ የቆየው በአብዛኛው የቤት ክዳን ፍለጋ ባወጣው ሕግ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት መሠረቱ ተናጋ። አዋጁ ለጭሰኛው ነፃነት ነበር፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ለጓሳ ግን ጠባቂውን አሳጣው። በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ አካባቢው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው። የሣር ጣራ ሥሩ ቤቱ ላይ አይደለም፣ መስኩ ላይ ነው። የመስኩ ሕግ ሲፈርስ ጣራውም ይከተላል።

ይህን ይዘን ወደ ቆርቆሮው እንምጣ።

ቆርቆሮ እንዴት መጣ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሣር ክዳን ከተማ ነበረች። ቆርቆሮ የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት፣ የቤተ ክርስቲያንና የውጭ ነጋዴ ነገር ነበር። ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰና ዋጋው ቀስ በቀስ ቀለለ። ባሕር ዛፍም በዚያው ዘመን ገብቶ አጣና እንደ ልብ ሆነ። ቀጥ ያለ አጣናና ቀላል ቆርቆሮ ተጋቡ፤ ዛሬ «የኢትዮጵያ ቤት» የምንለው አራት ማዕዘን ቤት ከዚህ ጋብቻ ተወለደ። በጣና ሐይቅ ዙሪያና በመላው ደጋ ያሉ ብዙ ክብ አብያተ ክርስቲያናትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሣር ክዳናቸውን ለቆርቆሮ ለቀቁ።

ወደ ደቡብ ቆርቆሮ የሄደው ከመንግሥት ጋር ነው። ዛሬ ደቡብ ኦሞ የምንለው አገር በቀድሞው አጠራር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ነበር፤ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር፣ መቀመጫው ጂንካ። በእንዲህ ዓይነቱ ሩቅ አውራጃ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭበት ቦታ የት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ጽሕፈት ቤቱ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ከዚያ የነጋዴው ሱቅ። ስለዚህ ቆርቆሮ ከዝናብ መከላከያነቱ በፊት የሥልጣን ምልክት ሆኖ ታየ። በ1970ዎቹ መገባደጃ የመጣው የመንደር ምሥረታ ደግሞ የቤት አሠራርና አቀማመጥ ከላይ በሚወርድ መስመር የሚወሰን ነገር መሆኑን አስተማረ።

ከዚያ የስታቲስቲክሱ ዘመን መጣ። በሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ «የቤቱ ጣራ ከምን ተሠራ?» የሚል ጥያቄ አለ። በየጊዜው የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም የቤተሰብን የሀብት ደረጃ ሲያሰላ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጣራ ነው። ሣር ከሆነ ወደ ታች፣ ቆርቆሮ ከሆነ ወደ ላይ። የሞዴል አርሶ አደር ዜና ያየ ሰው «የሣር ቤቴን በቆርቆሮ ቀየርኩ» የሚለውን ምስክርነት በቃሉ ያውቀዋል። የሚዋሽም የለም፤ ቆርቆሮ የቀየረ ሰው ገንዘብ እንዳገኘ ያሳያል። ችግሩ መለኪያው «ቤቱ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ መቀመጥ ይቻላል ወይ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ወይጦ

ከኮንሶ ደጋ ወርዳችሁ ወደ ጂንካ ስትሄዱ መንገዱ ወይጦ ላይ ሜዳ ይሆናል። ወይጦ ወንዝ ከሰሜኑ ደጋ ተነስቶ ወደ ጨው ባሕር ይፈሳል። አገሩ የፀማይ ነው። ወደ ደቡብ አርቦሬ አለ፤ ወደ ምዕራብ ከወጣችሁ ቀይ አፈር፣ የበና አገር፣ ከዚያ የአሪ ደጋና ጂንካ። ጂንካ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስለብሳል። ወይጦ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ያለ ምሕረት ይወርዳል፣ ጥላ ሀብት ነው።

የፀማይ ቤት ክብ ነው፤ እንጨትና ሣር። የአርቦሬም የሐመርም እያንዳንዱ የየራሱ ቅርጽ አለው። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ አየር ቋጥሮ ስለሚይዝ የፀሐይን እሳት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። የግድግዳው እንጨት ክፍተት ደግሞ ነፋስ ያስገባል። ቆርቆሮ በተቃራኒው ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ነው። ቆላ ፀሐይ ላይ እኩለ ቀን ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ሙቀቱንም ቀጥታ ራስ ላይ ያወርደዋል። ኮርኒስ ከሌለው ቤቱ ምጣድ ይሆናል።

ታዲያ ሰው ለምን ይመርጠዋል? ይህን በንቀት ማለፍ ነውር ነው። ሣር ይቃጠላል፤ አንድ ፍንጣሪ መንደር ይጨርሳል። ምስጥ ይበላዋል፣ አይጥና እባብ ይሸሸጉበታል፣ በየጥቂት ዓመቱ መልሶ መክደን ይጠይቃል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ልጅ አሳድጎ ይድራል። ነቅሎ ሌላ ቦታ መምታት ይቻላል፣ ሲቸግር ይሸጣል። ከሁሉም በላይ ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ የሚቆረጠው ሣር ራሱ ራቀ።

የወይጦ ወንዝ ዳር ከ30 ዓመት በላይ ሰፋፊ የጥጥ እርሻ የታረሰበት ነው። ያ መሬት ቀድሞ «ባዶ» አልነበረም። የበጋ ግጦሽ ነበር፣ የክዳን ሣር ነበር። ከኦሞ ወንዝ ወዲያም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለአገሪቱ ብርሃን ሰጠ፤ የዳሰነችና የሌሎች ሕዝቦች እርሻና ግጦሽ የሚጠብቀው የዓመቱ የወንዝ ሙላት ግን ሥርዓቱ ተለወጠ። ኦሞራቴ አካባቢ የዳሰነችን ቤት ያየ ሰው ታሪኩን በዓይኑ ያነበዋል። ቅርጹ ያው የጥንቱ ድፍን ክብ ጎጆ ነው፤ ልብሱ ግን የቆርቆሮ ቁርጥራጭ፣ ላስቲክና ሸራ። ጎጆው አልተለወጠም፣ የሚለብሰው ነው ያጣው።

በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ሌላ ነገር አለ። ለቱሪስት የተሠሩትን ሎጆች ተመልከቱ። ከኮንሶ እስከ ቱርሚ ብዙዎቹ የሣር ክዳን አላቸው፤ ቀዝቃዛና ውብ ናቸው፣ በፎቶም ያምራሉ። እንግዳው በሣር ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ቢራ ይጠጣል። የወይጦ ተማሪ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ሒሳብ ይማራል። አንዱ «ባህል» ተባለ፣ ሌላው «ልማት»።

የአበባ ጣራ ወይጦ ላይ ይሠራል?

አንድ ቅን ሰው «እንግዲያው አረንጓዴ ጣራ እናምጣ» ቢልስ? እስቲ እንደ ግንበኛ እናስላ።

አንደኛ፣ ክብደት። ለሜዳ አበባ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ያስፈልጋል። ተራ አፈር ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር 150 ኪሎ ግድም ይመዝናል። የቤቱ ጣራ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን 60 ኩንታል ማለት ነው። ያው ጣራ ቆርቆሮው ብቻ 120 ኪሎ አካባቢ ነው። ለ120 ኪሎ የተሠራ የአጣና ባጥ ላይ 60 ኩንታል መጫን ቤተሰቡን ከነነፍሱ መቅበር ነው። ህድሞ ያን ያህል ግንድ የፈጀው በዋዛ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ውሃ። እዚህ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አምስተኛው ይባክን ብንል እንኳ 16,000 ሊትር ይቀራል፤ 800 ጀሪካን። አሸንዳና ሮቶ ላለው ቤት ይህ እናትና ሴት ልጅ ወደ ወንዝ የማይመላለሱባቸው ቀናት ማለት ነው። አረንጓዴ ጣራ ከሚዘንበው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይጠጣዋል። በቶሮንቶ ይህ ትልቁ በረከቱ ነው፣ ቱቦውን ከጎርፍ ያድናል። በወይጦ 400 ጀሪካን ለአበባ ማጠጣት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ድርቅ። ተክሉ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሲተን ነው። ወራት ያለ ዝናብ በሚያልፉበት አገር ሣሩ ደርቆ ይቀራል፤ ደረቅ ሣር ደግሞ እሳት ይወዳል። ፈረንጆች ለቀጭን ጣራ የሚመርጡት ተክል የእኛው የእንዳሁላ ዘመድ ነው፣ ውሃ በቅጠሉ የሚቋጥር። እኛም በዚያ ረገድ ድሃ አይደለንም፤ ሬቱም እንዳሁላውም አለን። የክብደቱንና የጀሪካኑን ጥያቄ ግን አይመልሱም።

ስለዚህ እንደ ዕቃ ተገዝቶ የሚመጣ የአበባ ጣራ ቦታው ወይጦ አይደለም። ቦታው አዲስ አበባ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ መንገዱን በሚሞላበት፣ ሲሚንቶ ከሲሚንቶ በሚተሳሰርበት፣ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ ያለው ሕንፃ በየቀኑ በሚወለድበት ከተማ። ክብደቱን የሚችል ወለል አለ፣ የሚዘንብ ዝናብ አለ፣ አደይ አበባ ራሷ የደጋ ልጅ ናት። ሣር ቤት ስሟን ልታስመልስ ከፈለገች ጣራዋ ላይ ትጀምር።

ለወይጦስ?

እነ ባዝልና ቶሮንቶ የራሳቸውን ጥያቄ መለሱ ብዬ ነበር። የወይጦ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ጥላና ውሃ። ቆርቆሮ ውሃውን ይሰጣል፣ ጥላውን ይነሳል። ሣር ጥላውን ይሰጣል፣ ውሃውን ይነሳል። ሁለቱን ለማስታረቅ የግድ ከባሕር ማዶ ምንጣፍ ማስመጣት አያሻም።

የመጀመሪያው እርምጃ የመንግሥት ቤት ነው። ሕዝቡ የሣር ቤቱን ትቶ ቆርቆሮን የለመደው ከጽሕፈት ቤቱና ከትምህርት ቤቱ አይቶ ከሆነ፣ እርማቱም ከዚያ ሊጀምር ይገባል። ለቆላ የሚሠራ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ከደጋው ጋር አንድ ዓይነት ፕላን ሊኖረው አይገባም። ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚተላለፍበት ክፍተት፣ ረዘም ያለ የጣራ ክንፍ፣ ነጭ ቀለም፣ አሸንዳና ሮቶ። ከእነዚህ ውስጥ አንድም የማይታወቅ ጥበብ የለም። የሚታጣው በጨረታ ሰነዱ ላይ የተጻፈ መስመር ነው።

ሁለተኛው ዛፍ ነው። የኮንሶ ሰው ሽፈራውን ደጁ ላይ የሚተክለው ቅጠሉን ሊበላ ነው፤ ጥላውም ትርፍ ይሆነዋል። ጣራው ላይ 60 ኩንታል ሳይጭን ቤቱን የሚያጠላ «አረንጓዴ ጣራ» ከዚህ በላይ የት ይገኛል? ሥሩ መሬት ላይ ነው፣ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል። ዱባውና ቅሉም እንዲሁ። በየክረምቱ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ እያልን ከምንቆጥር፣ ስንት የቆላ ትምህርት ቤት ጣራ ጥላ እንዳገኘ ብንቆጥር ምን ነበረበት?

ሦስተኛውና ከባዱ መስኩ ነው። ለከብትም ለክዳንም የሚሆን ሣር በወይጦና በኦሞ ሸለቆ እንዲቀጥል ከተፈለገ፣ መሬቱ በውል ለባለሀብት ሲሰጥ «ሣሩ የማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መንዞች ለሣራቸው ሕግ ነበራቸው። የፀማይና የአርቦሬ ሽማግሌዎችም ግጦሹ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ያ ዕውቀት በውሉ ላይ ፊርማ የለውም። ለጓሳ የተሰጠው ዓይነት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ዕውቅና ለወይጦ መስክ የማይሰጥበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

በመጨረሻ ስለ መለኪያው። ቀጣዩ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲመጣ ቆጣሪው እንደ ልማዱ «ጣራው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ?» ብሎ ይጠይቃል። ይጠይቅ። ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርለት፤ «ቀን ሰባት ሰዓት ላይ የት ነው የምትቀመጡት?» የወይጦ እናት «ከዛፉ ሥር» ብላ ከመለሰች፣ ቆርቆሮዋ ከድህነት እንዳወጣት ከመጻፋችን በፊት ትንሽ ቆም እንበል። ሣር የነበረው ጣራ ቆርቆሮ ሲሆን ሀብት መጣ እንላለን። ጣራውን ያለበሰው መስክ ሲጠፋ ግን ኪሳራውን የሚመዘግብ ቅጽ እስካሁን የለንም።

እናንተስ? በአካባቢያችሁ የክዳን ሣር የሚቆረጥበት መስክ ዛሬ ምን ሆኗል? የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ጠይቃችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ እመለስበታለሁ።

ሰላም ቆዩ።